አማካሪው ወንዝ ዳር ያሉት

ኅዳር 9፣ ከሰዓት
ሽንኩርቴን ኮትኩቼ ገባሁ፤ ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ደብተሬ፣ እንግዳ ነበረን ዛሬ። ከሚ/ር መ/ቤት ከፍተኛ አማካሪ መጡ፣ ለመስኖ ወንዙ የሚጠለፍበትን ቦታ ሊያዩ። የውሃ ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝና ከሊቀ መንበራችን ከጋሽ ሰይድ ጋር ይዘናቸው ወረድን። ሽበታም፣ ትሁት። በዚህ ሐሩር ኮታቸውን አላወለቁም። ወደድኳቸው። ወንዙ የሚታጠፍበት፣ እጥፋቱ ጋ ሲደርሱ አሸዋውን ዘገን አድርገው አዩና፣ እዚህ ከተገነባ ክረምት ላይ ጎርፉ ዞሮ ማሳችሁን ይበላዋል አሉን። ጋሽ ሰይድ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ይህንኑ ስንጮህ እስከ ዛሬ የሰማን የለማ!

ኅዳር 10
ሸዋ ሮቢት ስብሰባ ነበር። የወረዳው ኃላፊ፣ የመስኖው ሥራ ዘንድሮ ይመረቃል አለ። ከዚያ አማካሪው ተነሱ። ብዕሬን ይዤ ስጠብቅ፣ ጥናቱ ጥሩ ነው ብለው ቁጭ። በቃ። ጎርፍ የለ፣ ማሳ የለ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ቢያወጡ የጸረ ልማት ጥያቄ አናስተናግድም ተባለ። ከፍተኛ ይሏቸዋል። ከምን ነው ከፍ ያሉት?

ሻይ ላይ ሄድኩባቸው። ትናንት ምን ነበር ያሉን፣ ጋሼ?
«እኔ አማክራለሁ እንጂ አልወስንም፣ እህቴ።»
«ታዲያ ምነው ሳያማክሩ ተቀመጡ?»
ሻያቸውን እያማሰሉ ነገሩኝ። አንዴ እውነቱን ጽፈው ከኃላፊነት ወርደዋል፤ አማካሪ ያሏቸውም ያኔ ነው። ጡረታቸው ደርሷል። አሳዘኑኝ። ወዲያው ደሜ ፈላ። የኔ የሦስቱ ልጆቼ ጉሮሮስ?

ኅዳር 12
የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ከወረዳ ተልኮልናል፣ ተተይቦ ያለቀ። አማካሪው ቦታውን አይተው አረጋግጠዋል፣ ማኅበሩም በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። ማን ተስማማ? የቀረው የማኅበሩ ማህተም ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ሊወስዱ ይመጣሉ። ጋሽ ሰይድ መጡ። እምቢ ካልን ማዳበሪያ ይከለክሉናል ብለው ፈሩ። ጥምጥማቸውን ፈተው አሰሩ፣ ፈተው አሰሩ።
«ወላሂ፣ እኔም አልፈርምም» አሉ በመጨረሻ።

ኅዳር 13፣ ጠዋት 12 ሰዓት
ወሰንኩ። የነሱን ወረቀት እንዳለ ተውኩት። በማያምረው ጽሕፈቴ ሌላ ጻፍኩ፦ አማካሪው ኅዳር 9 እጥፋቱ ላይ ቆመው፣ እኔና ሊቀ መንበሩ እየሰማን፣ እዚህ ከተገነባ ጎርፉ ማሳውን ይበላል ብለዋል። ስማቸውን ከነማዕረጋቸው አሰፈርኩ። ይቀየሙኝ። እሳቸው ካልደፈሩ ቃላቸው ይድፈርላቸው። ሁለታችንም ፈረምን፣ ማህተሙን መታሁበት። አንዱ ቅጂ ለወረዳ። አንዱን ከካራቆሬ በሚመጣው መኪና አዲስ አበባ ድረስ እኔው ይዤ እሄዳለሁ፣ ለሚ/ር መ/ቤቱ። በሩ ተንኳኳ። የወረዳው ሰዎች ናቸው መሰለኝ፤ ገና ሻሼን እንኳ አላሰርኩም። ይሁን፣ የኔን ወረቀት ይዤ ልክፈትላቸው።