ከሞጣ ያላመጣኸው

አንዱዬ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ አትመልስልኝምና። ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የስፌት መኪናህ በረንዳው ላይ እንዳለ ነው፣ አልሸጥኩትም። በገበያ ቀን ሞትህን ያልሰማ ባላገር ሱሪውን በክንዱ ይዞ ብቅ ይላል።

አመሌን ታውቀዋለህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ነው የኖርኩት። ባለፈው ጥር ከጤና ጣቢያው አስጠሩኝና ከአዲስ አበባ የመጣች ተመራማሪ ደሜን እንደገና ትፈልጋለች አሉኝ። መጀመሪያ ለኤች አይ ቪ የተመረመርን ጊዜ ለጥናት ብለው የወሰዱትን ደሜን እስካሁን አስቀምጠውት ኖሯል። ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሲያደርጉበት ኖሩ? የምፈርምላትን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ሳጥኗንም አስከፈትኳት፤ በረዶ ብቻ ነው። ወዴት እንደምትወስደው ስጠይቃት በጦጣዎች ላይ ይሞከራል አለችኝ። የክርስቲያን ደም ለጦጣ! ነጠላዬን ሰብስቤ ልነሳ ነበር።

ልጅቷ ግን ታጋሽ ናት። ቫይረሱ ከላይ የሚደርበው ካባ አለው፣ ወደ ሰውነት የሚገባውም በእሱ ነው አለች። በእኔ ደም ውስጥ እዚያ ካባ ላይ ተጣብቆ የሚያግደው ፀረ እንግዳ አካል አግኝተዋል። ለእኔ ብዙም አልፈየደም፤ የውስጤ ቫይረስ ካባውን እየቀያየረ ያመልጠዋል፣ ክኒኔንም አልተውም። ሳይያዙ በፊት ለተሰጣቸው ጦጣዎች ግን ይከላከልላቸው እንደሆነ ማየት ይፈልጋሉ። የካባው ነገር ቶሎ ገባኝ። የቄሶቹን ካባ ስትሰፋ ስንቴ ክር አቀብዬሃለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች። እንዲህ ያለውን መከላከያ ሰውነት ባንድ ጊዜ አያበጀውም፣ ከቫይረሱ ጋር ዓመታት ሲታገል ነው። በዚያ በመጀመሪያው ደሜ ውስጥም ነበረ። እኛ የተመረመርነው በተጋባን በዘጠኝ ወራችን ነው፣ አንዱዬ።

በቁርባን ብንጋባ ቤተ ክርስቲያን የምርመራ ወረቀት ትጠይቀን ነበር። እኔ ባል የሞተብኝ ስለሆንኩ በሰማንያ ተፈራርመን ገባን፣ የጠየቀን የለም። የመጀመሪያው ባሌ ሉማሜ ላይ ሲሞት ሳንባ ነው ተባለ፤ እኔም ሳንባ ነው አልኩ። ሁሉን ስጠረጥር እሱን ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ።

የጠረጠርኩት አንተን ነው። እዚህ የቢቸና ሰው እንዳያየን ብለህ የሁለታችንንም ክኒን ከአገርህ ከሞጣ ስታመጣ ኪስህን እፈትሽ ነበር። ሴት አለችው አልኩ። ክኒንህን ትተህ ፀበል ብቻ ስትል እንኳ ኃጢአቱ ከብዶት ነው አልኩ። በለቅሶህ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ እህትህን ይታይሽን “በሽታውን ከእናንተ ከሞጣ ነው ያመጣው” አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። አፈርኩ፣ አንዱዬ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥርጣሬ ነው። ውጤቱ የተነገረን ዕለት ነርሷ ስለ ቀድሞው ባሌ ልትጠይቀኝ ስትጀምር አቋረጥካት። “ከእኔ ነው፣ እኔ መንገደኛ ነኝ” አልክ። የተናዘዝክ መስሎኝ እስክትሞት ያዝኩብህ። ያኔ ከስፌት መኪናህ የማትነሳ ሰው፣ የምን መንገደኛ ነህ? አውቀኸው ነበር እንዴ? አውቀህ ነው ስድቤን ሁሉ እየዋጥክ ቁልፍ ስትተክል የምትውለው?

ደሜን ሰጠኋት። ለጦጣም ይሁን፣ ለማላውቀው ሰው ልጅም ይሁን።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሞጣ እሄዳለሁ። ለይታይሽ ለብቻዋ አልነግራትም፤ ያዋረድኳት በሰው ፊት ነውና ጎረቤቶቿን ጠርታ ትስማኝ። እስክንገናኝ ድረስ ያንን ቃልህን አልረሳውም። በሽታው ከማን መጣ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለም፣ አንተ እንዳደረግከው ጥያቄውን ሳያስጨርስ እመልስለታለሁ፦ ከእኔ ነው።

ባለቤትህ የሺወርቅ