የአቡ ሩሽዲ አንገት

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ መስጊድ ሰገድኩ። ውጭ የአማን ከተማ ፀሐይ አስፋልት ታቀልጣለች፤ ውስጥ ኤሲው አስራ ስምንት ዲግሪ ላይ ነው። ወገቤ እንጨት ሆነ። ሪሞቱ አቡ ሩሽዲ ኪስ ውስጥ ነው... ማን ሾመው? ክብደቱ።

ብርዱን ቀንስልን ብዬ በትህትና ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የበረደው ዳቦ ቤት ሄዶ ይስገድ" አለኝ።

እኔም ስለ ሆዱ አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ። ለመስጊድ የሚሆን አልነበረም፤ ግን ያማረ ነበር። ሁለተኛ ሰላም ላልለው ማልኩ። እሱም ማለ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው እንግዲህ...

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ሚስቴ ነገር አመጣች። ዓርብ ማታ ለልጃችን ለሐይሰም ሚስት ልንጠይቅ ሽማግሌ እንሄዳለን። ተናጋሪው ማን ነበር? አቡ ሩሽዲ! እሱ ጠይቆ የተከለከለ የለም። እኔው እናገራለሁ አልኳት።

"አንተ ከተናገርክማ ልጄ ቆሞ መቅረቱ ነው። ሂድና ታረቀው።"

እኔ? መጀመሪያ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ከአቡ ሩሽዲ ሦስት ሰው አልፌ ሰገድኩ። ሶላቴም አልተነካ፣ ቂሜም አልተነካ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

የጁምዓ ሶላት። አረፈድኩ። የቀረው ክፍት ቦታ አንድ... ከማን ጎን? ኢማማችን ሼህ ሙንዚር "ክፍተት አትተው፣ ትከሻ ለትከሻ" አሉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ። በአቡ ሩሽዲ ቀኝ ገባሁ።

አልሰጋሁም። ሶላቱ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ግራ ዞሮ ነው ሰላምታ የሚያቀርበው። ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ፊት ለፊት አይገጥሙም። ይህን እያሰላሁ ሰገድኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ወደ ቀኝ ሰላም አልኩ። ወደ ግራ ስዞር... አቡ ሩሽዲ አፍንጫዬ ሥር! ወደ ቀኝ እንደዞረ ቀርቷል። ሰላምታዬ ጉንጩ ላይ አረፈ።

"ምን ታፈጣለህ?" አለኝ። "የዞረው አንገቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"ምን ሆነ?"

"ብርድ መታው... አልመለስ አለ።"

ላለመሳቅ ታገልኩ። አልሆነም። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ አመመው፤ ሲያመው ባሰብኝ። እዚያው ምንጣፉ ላይ አንገቱን አሸሁለት።

"ማታ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ትናንት ማታ ልጅቷን ሰጡን! የአቡ ሩሽዲ አንገት ስላልተመለሰ የአባቷን ፊት ማየት አልቻለም። ንግግሩን ሁሉ በቀኙ ለተቀመጥኩት ለኔ አደረገው። "የዚህን ሰውዬ ምላስ ዕድሜ ልኬን ችያለሁ። ልጁ ግን በእናቱ ወጥቷል፤ ስጡት።" የልጅቷ አባት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከወዳጁ ላይ ዓይኑን የማይነቅል ሰው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11

አቡ ሩሽዲ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። ኤሲውን ድርግም አድርጎ አጥፍቶ ሪሞቱን ኪሱ ከተተ። ከኋላ ረድፍ አንድ ወጣት ሞቀን እኮ አጎቴ አለ።

አቡ ሩሽዲ ሙሉ ሰውነቱን አዙሮ፣ "የሞቀው ሥጋ ቤት ሄዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይስገድ" አለው።

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጎኑ ቆሜ ሻርፑን አስተካከልኩለት።