ጋሽ ቆርቆሮና የቀይዋ መኪና ወንበር

የመኪና ቆርቆሮ በመቀጥቀጥ፣ በባትላሜራ ሙያቸው «ጋሽ ቆርቆሮ» እየተባሉ የሚጠሩት እኚህ ሰው፣ ከአንጥረኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1931 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ የቀረውን ዕውቀት ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ጋራዥ ውስጥ ቀሰሙ። ወንድማቸው መሪ ሲይዙ እሳቸው መዶሻ ያዙ።

በ1952 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ አንዲት ቀይ የውድድር መኪና ከአንድ ነጋዴ ገዙ። ነጋዴው ከመንዳት ይልቅ አጠገቧ ቆሞ ፎቶ መነሣት ይወድ ስለነበር፣ መኪናዋ እስከዚያ አንድም ውድድር አልጨረሰችም። ጋሽ ቆርቆሮ በወንድማቸው ገላ ልክ፣ በመታጠፊያ ላይ ንቅንቅ የማያደርግ የአሉሚኒየም ወንበር ቀጥቅጠው ሠሩላት። ወንድማቸው በዚያ ወንበር ተቀምጠው አራት ዋንጫ አነሡ፤ የሠሪው ኩራት ግን ከነጂው ይብስ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. መኪናዋ ከመጨረሻው መታጠፊያ ወጥታ ሐይቅ ገባች። ወንድማቸው ከወንበሩ ሳይነሡ ሞተው ተገኙ። አስከሬኑን ካወጡት ሰዎች አንዱ፣ «ወንበሩ ጨምድዶ ይዞት ነው እንጂ ይወጣ ነበር» አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጋሽ ቆርቆሮ ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት ኖሩ።

ወንበሩን ነቅለው መኪናዋን ለአንድ የጥርስ ሐኪም ሸጡ። ሐኪሙ በሌላ ወንበር አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥቶ ለሆቴል ባለቤት አስተላለፋት፤ እሱም በር ላይ አቁሞ አበባ ተከለባት።

በ1957 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ወንበሩ ከአልጋቸው ትይዩ ግድግዳ ተደግፎ ኖረ። ባለቤታቸው «እባክህ ይሄን ነገር ከመኝታ ቤቴ አውጣልኝ» ብለው ቢለምኑም አልሆነም። ጋሽ ቆርቆሮ ምሳ እየበሉ እንኳ በድንገት «አንድ ጣት ሰፋ ባደርገው ኖሮ» ይሉ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መኪናዋን መልሰው ገዝተው ሞተሯን አስነሡ፤ ወንበሩንም ከቦታው መለሱ። ማንም እንዲቀመጥበት ግን አልፈቀዱም። እሳቸውም ከወንድማቸው ይልቅ ግዙፍ ስለነበሩ አይገቡበትም ነበር።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም አከሳቸውና የወንድማቸው ቱታ ልካቸው ሆነ። ያንን ለብሰው ወደ መኪናዋ እንዲወስዷቸው ልጆቻቸውን አዘዙ። ሲያስቀምጧቸው ወንበሩ ጎናቸውን ግጥም አድርጎ ያዘ። «ልቀቁኝ» አሉ። ማንኪያ ማንሣት ይከብዳቸው የነበረው እኚህ ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው ብቻቸውን ተነሡ። ከዚያም «ወንድምዬ፣ ወንበሩ አልያዘህም። ታዲያ ምን ያዘህ?» ብለው አለቀሱ።

ጋሽ ቆርቆሮ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው በሞት ተለዩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ መልሱንም ከወንድማቸው አፍ ይስሙት።