ካሜራ ይከፈት ላሉኝ ለክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ማዘንጊያ፣
የርቀት ትምህርት የኮርስ ፕሮግራም አውጪ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሚቀመጡበት ወንበር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእኔን ከጠየቁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከተሰበረው እጄ በቀር ደህና ነኝ።

ሀምዲያ እባላለሁ፤ ጅዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ስሆን ዘንድሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎ ሆኛለሁ። በምዝገባው የሚመቸንን ሰዓት እንድንመርጥ ስላዘዙን፣ እኔም እንደ ሞኝ አምኜ፣ እንግሊዝኛውን አሠሪዬ ማዳም ከምሳ በኋላ በምትተኛበት፣ ሒሳቡን ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት፣ ሎጂኩን ማዳም ገበያ በምትወጣበት ማክሰኞ አድርጌ ላክሁልዎ። እርስዎም በአባትነት መንፈስ ተመልክተው ሁሉንም ዓርብ ከሰዓት ላይ ከመሩት። ስለዚህ ውለታዎ የሚከተለውን አመለክታለሁ።

፩ኛ. ዓርብ በዚህ አገር የዕረፍት ቀን መሆኑን ስላሰቡልን እናመሰግናለን፤ የሚያርፉት ግን አሠሪዎቻችን ናቸው። ዓርብ የማዳም እህቶች ከነልጆቻቸው ከመካ ይጎርፋሉ፤ እኔም ከሩዝ ድስት ጋር ስታገል እውላለሁ። ይህንኑ ጽፌ ብለምንዎ፣ ፕሮግራም ለአንድ ሰው ተብሎ እንደማይቀየር በአንድ መስመር መልሰውልኛል። ለቁጥብነትዎ ዕድሜ ይስጥልኝ።

፪ኛ. ካሜራ ያልከፈተ ተማሪ ከክፍል እንደ ቀረ ይቆጠራል የሚለው መመሪያዎም ድንቅ ነው። እዚህ ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ፀጉራቸውን ገልጠው ይውላሉ፤ በሠራተኛ ስልክ ለባዕድ ወንድ ታዩ ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለክብርዎ ማን ይንገርዎ? ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ስል ስልኬን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ ከፈትኩት። የማዳም እህት ፀጉሯን በትና ሻይ ልትጠይቅ ስትገባ፣ መምህሩና ያ ሁሉ ወንድ ተማሪ ከስልኩ ላይ አፍጥጠው ጠበቋት።

፫ኛ. ከዚያ ለተሰጠኝ የተግባር ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እህትየዋ በጋለ የሩዝ ጭልፋ ፊቴን አለችኝ። ማዳም ጩኸት ሰምታ መጥታ ፀጉሬን ጨምድዳ ከምድጃው ጠርዝ ጋር አጋጨችኝ፤ እጄን ዘርግቼ ብከላከል በብረት መጥበሻ እየደጋገመች መታችው፤ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። እኔም ነክሻታለሁ፤ ወላሂ አልዋሽም፣ አልጸጸትምም። በዚህ መሀል መምህሩ ክፍሉ እየተረበሸ ስለሆነ ማይክሮፎኔን እንድዘጋ በትሕትና አሳሰቡኝ። ወዲያው ስልኬ የፈላ መረቅ ውስጥ ተጣለ።

በማግስቱ ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ አልተመለስኩም። መኖሪያ ፈቃዴን ኢቃማዬን በዋሴ በከፊሌ፣ በማዳም ባል፣ እጅ ትቼ፣ ጉለይል ሰፈር የአገሬ ልጅ ዘምዘም ጋ ተጠልያለሁ። ይህን የምትጽፍልኝም እሷ ናት፤ ስድቦቼን ሁሉ እያወጣች «ክቡር» የሚለውን አስገብታበታለች። የእኔ ንዴት ግን አልወጣልኝም፤ እጄ ቢደርስ ኖሮ ያንን ፕሮግራም አኝከው እንዲውጡት ባደረግሁ ነበር።

ትምህርቱን ግን አልተውም። ከሰው ማድ ቤት የሚያወጣኝ ሌላ በር የለኝምና፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንድቀጥል ይፍቀዱልኝ ዘንድ በተለመደው ርኅራኄዎ ተማምኜ እለምናለሁ።

በግራ እጇ ለመፈረም የተገደደች፣
የክብርዎ ታዛዥ የሎጂክና የመጥበሻ ተማሪ፣
ሀምዲያ፣ ከጅዳ

ማስታወሻ፦ ይህ ተጽፎ ሳያልቅ፣ በዚያ ዓርብ ክፍል አልተገኘሽም ተብዬ ከኮርሱ መሰረዜን የሚገልጽ መልእክትዎ በዘምዘም ስልክ በከፈትኩት ኢሜይሌ ደረሰኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ተገኝቻለሁ፤ ስደበደብ ክፍሉ በሙሉ አይቶኛል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።