መኪናህ አርሲ ነገሌ ላይ እምቢ ያለች ዕለት

ለውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ለማልቀስ አይደለም፤ የምስራች ይዣለሁ፤ የምናዘዘው ጥፋትም አለኝ። ጥፋቱን ካስቀደምኩ ስለምትቆጣ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ።

እማዬ ደህና ናት። የተከልከው ማንጎ አፍርቶ ጎረቤቱ ሁሉ በልቷል። ኮሮላህን ልግዛ ያለ ሰው ሁሉ ከእማዬ ጋር ተቀያይሟል። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ፤ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ሥራዬ የምሄደው በሷ ነው። ናቲስ ብትል? ያ ካልሲውን የትም የሚጥለው ልጅህ ሊያገባ ነው!

ልጅቷ ሌንሴ ትባላለች፣ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ቱፋ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቶሎ የማይስቁ ሰው። መጀመሪያ ሽማግሌ ስንልክ “የልጁ አባት የት አሉ?” አሉ። ማረፍህን ሲነግሯቸው “ታዲያ ነገ ትዳሩ ቢናወጥ ከኋላው ማን ይቆማል?” ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ያቺ ጥያቄ ግን ቤታችን ገብታ ከረመች። ናቲ ምግብ አስጠላው።

ሁለተኛው ቀጠሮ በማለዳ ስለነበር ሽማግሌዎቹን ይዤ ከዋዜማው ሄድኩና አንድ ፔንሲዮን አረፍን። የመዘምራን ጓደኛህ ጋሽ ከበደም ነበሩ። ከራት በፊት ብቻዬን መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩና ቴፑን ከፈትኩ። እማዬ ገበያ ላይ ስትጠብቅህ እንዳይሰለቻት ብለህ፣ ያለ ቁልፍ እንዲሠራ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያያያዝከውን። ብቻህን የምትዘምርበት ካሴት ነበር። ነገ አብረኸን ብትሆን ኖሮ እያልኩ አለቀስኩ። ጋሽ ከበደ ለራት ሲጠሩኝ እንባዬን ጠርጌ ሮጥኩ፤ ቴፑን ሳልዘጋ። “ሞተር ሳይሠራ ቴፕ አይከፈትም” የምትለውን ሕግህን ረሳሁት።

ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቁልፉን ባዞረው “ጠቅ” ብቻ። ሽማግሌዎቹ “የቆላ መኪና ናት፣ በርዷት ነው” አሉ። እኔም “አዎ፣ ብርዱ ነው” አልኩ። ዋሸሁ፣ አባዬ፤ ሌሊቱን ባትሪውን የጨረሰው ቴፑ ነበር። ሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበው ገፏት፤ እየገፉ ይሳሳቃሉ፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! ሰዓቱ ሲያልፍ ጥለውኝ በእግራቸው ሄዱ። ዘግይተው ቢደርሱና ኦቦ ቱፋ ንቀት ቢመስላቸውስ? የወንድሜን ትዳር በገዛ እጄ ያበላሸሁ መስሎኝ መሪውን ይዤ ቀረሁ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አይሱዙ ግቢው ገባ። ኦቦ ቱፋ ራሳቸው እየነዱ፣ ሽማግሌዎቹን ጭነው! “አካም ቡልታን” ብለው ሰላም አሉኝና ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ስለ ጋብቻው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ “መጀመሪያ መኪናዋ ትነሳ” ብለው ኬብሉን ከባትሪያቸው ወደ ባትሪህ አገናኙ።

ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። ካሴቱም ካቆመበት ቀጠለ፤ ድምፅህ በተከፈተው በር ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ጋሽ ከበደ ዞር ብለው አዩኝ፤ “ብርዱ ይሄ ነው?” አሉ። ፊቴ ቲማቲም ሆነ።

ኦቦ ቱፋ ማን እንደሚዘምር ጠየቁኝ። “አባቴ ነው” አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆሙ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ “ባለፈው አባቱ የት አሉ ብዬ ነበር። ይኸው፣ መጥተዋል። ልጄን ሰጥቻለሁ” አሉ።

አባዬ፣ ሽማግሌ እልል ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ጋሽ ከበደ እልል አሉ! እማዬ ስልክ ላይ የመለሰችው እልልታ ከአዳማ እኛ ጋ ለመድረስ ስልክ የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር። ናቲ ያን ቀን ለሦስት ሰው የሚበቃ ምሳ በላ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሙሽሮቹን የምትወስደው ኮሮላህ ናት፤ ነጂዋ እኔ ነኝ። በየመንገዱ ድምፅህን ከፍ አድርጌ እከፍተዋለሁ። የሚወለዱት የልጅ ልጆችህም በድምፅህ እንዲያውቁህ አደርጋለሁ። አንተን አልረሳም። ሕግህንም አልረሳም፤ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሳለሁ።

ልጅህ ቤቲ