የአጥንት እጀታው ሰንጢ

ጢሞ፣

ከሐኪም ቤት ስትመለስ አታገኘኝም። ቁልፉ ምንጣፉ ሥር ነው። ደሙን ከወለሉ ላይ አጥቤዋለሁ፤ ፍሪጁ ሥር የገባውን ግን አልደረስኩበትም።

ስንት ዓመት ከለቀምኳቸው አሮጌ ሰንጢዎች የበግ ቀንድ እጀታ ያለውን፣ ላጽዳልህ ብለህ ቀቀልከው። ቀንድ በፈላ ውሃ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስንቴ ነገርኩህ! የሰው ዕቃ እንደ ድንች ይቀቀላል?

ብቻ ስትስቅብኝ ዓይኔ ደም ለበሰ። ሌላውን፣ የአጥንት እጀታ ያለውን ሰንጢ አንስቼ ክንድህ ላይ ስሰካው "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ነኝ" አልከኝ።

እየሰማሁህ ደገምኩህ።

ሌሎቹን ይዤ ሄጃለሁ። ያንን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። ስለቱን ጠርጌዋለሁ። አጥንቱ ግን ደምህን ጠጥቶ ቀልቷል፤ ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለኝ።

ከፈለግህ ቀቅለው።