ያልቀየርኩት መወጠሪያ

መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጨቅጫቃዬ፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ፣ እኛም ደህና ነን ማለት ነበረብኝ። ደህና ስላልሆንን ዘለልኩት። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ለመኪናው ገንዘብ ስትልኪ፣ "አባዬ፣ የሞተሩን ቺንጋ ብቻ ሳይሆን መወጠሪያውንም ቀይር፤ ደግሞ ቆጠብኩ እንዳትል" ብለሽኝ ነበር። ቺንጋውን ቀየርኩ። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን መወጠሪያ ግን ፈትቼ፣ ጆሮዬ ሥር አድርጌ በጣቴ አሽከረከርኩት፤ ድምፅ የለውም። ሠላሳ ዓመት በጋራዤ ለደንበኛ ሁሉ የፈረድኩት እንደዚያ ነው። መልሼ ገጠምኩትና በተረፈው ገንዘብ እናትሽ በእግሯ ለምትረግጠው የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ገዛሁላት። "ተመስገን፣ እግሬ አረፈ" ብላ መረቀችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ተጣመመ። አቅፌ ከኋላ ወንበር አስተኛኋትና ወደ ሆስፒታል ከነፍኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። መወጠሪያው ተሰብሮ ቺንጋውን ጥሎታል።

ልጄ፣ ትልቁ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አላፊ መኪና ማስቆም ሲገባኝ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ። እንደማይነሳ ገና ሳየው አውቄዋለሁ፤ እጄ ግን ሌላ ነገር አያውቅም። መፍቻ ይዤ ስታገል ግማሽ ሰዓት ሄደ። አንድ የታክሲ ሹፌር ቆሞ፣ "አባባ፣ ሴትዮዋን ትተው ብረት ያክማሉ እንዴ?" ሲለኝ ነው የነቃሁት። ያደረሰንም እሱ ነው።

ሐኪሟ፣ ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮ የሚሰጥ መድኃኒት እንደነበር ነገረችኝ። በኋላ ሞተሩን ስከፍተው ቫልቮቹ በሙሉ ታጥፈዋል፤ ዕቃው ብቻ የመወጠሪያውን ዋጋ አሥራ አምስት እጥፍ ይፈጃል። እሱስ ብረት ነው፣ ይገኛል። እኔ ግን የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። አፍሬያለሁ፤ ከሰው ዓይን ሳይሆን ከእሷ ዓይን።

ስትደውዪ "እናትሽ ተኝታለች" የምልሽ ውሸት ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅሽን ትሰማለች፤ መናገር አቅቷት ነው። እሁድ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ። መልስ ሳትጠብቂ አጫውቻት። ለእኔም የምትዪው ካለ፣ ከእሷ ስትጨርሺ በይኝ። አልዘጋውም።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

አባትሽ